የማድ ቤታችን ግንባር

አራዳ የተከራየነው ቤት ጣልያን ሠርቶት የሄደ ነበር። ማድ ቤቱ እንደ አገሩ ወግ ጓሮ ሳይሆን ከመኖሪያው ጋር ተያይዞ፣ ግድግዳው ላይ መዝጊያ ያላቸው የእንጨት ሳጥኖች በረድፍ ተሰቅለውበት ነበር። ሰሃኑም ብርጭቆውም እዚያ ይገባል። እኔ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነኝ፤ ከኮሶዬ ወርጄ ከተማ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ከሳጥኖቹ አናት እስከ ኮርኒሱ ክንድ የሚያህል ክፍት ቦታ ነበር። ያንን ቦታ እወደው ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ ቢሮው ሳለ፣ ሥራዬን ጨርሼ በርጩማ ላይ እቀመጥና ወደ ላይ አንጋጥጣለሁ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ወለሉን ትቶ ግድግዳውን ይይዛል፣ ከዚያ ሳጥኖቹን፣ ከዚያ ጨለማው አፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምሞላው እኔ ነኝ። ኮሶዬ ጧት ጧት ጉም ገደሉን ሲሞላው ከሥሩ አገር ያለ አይመስልም፤ ዝም ብለው ካዳመጡ ግን ውሻ ይጮኻል፣ ሰው ሰውን ይጣራል። ያም ቦታ እንደዚያው ነበር። አንዳንዴ የእናቴን ድምፅ የሰማሁ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ወጥ የሚያርብኝም በዚህ ሰበብ ነው።

ቆጥ እለው ነበር። በእኛ ቤት ቆጥ ማለት ከጣሪያው ሥር በእንጨት ተረብርቦ የሚሠራ ከፍታ ነው፤ እጅ ቶሎ እንዳይደርስበት የተፈለገ ነገር ሁሉ እዚያ ይወጣል። ባለቤቴ ይሥቅብኛል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት አንቺ ነሽ» ይለኛል፣ ያረረውን ወጥ እየጠቀሰ። ለእሱ ቦታው የጥቀርሻና የአይጥ መናኸሪያ ነበር። አልዋሽም፣ አይጥም ነበረበት።

በዚያ ዓመት አባቴ ሞተና እናቴ ብቻዋን ቀረች። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ደረቷን ብርድ ይዟታል፤ የኮሶዬ ክረምት ደግሞ ጤነኛውንም አይምርም። ዝናቡ ሳይገባ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ሰው ልኬ ለመንኳት። መልሷ «እስቲ ቤቱን ልየው» የሚል ብቻ ነበር። እናቴን አውቃታለሁ፤ አይታ ካልጣማት የሚያስቀራት የለም፣ ሁለተኛም አትመጣም። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ያንን ክረምት ብቻዋን የምትወጣው አልመሰለኝም ነበር።

ባለቤቴ ለአማቱ ቤቱን ሊያሳምር ቆርጦ ተነሣ። መጀመሪያ የታየው ያ ክፍት ቦታ ነው። «እናትሽ ጥቀርሻ እያዩ አይቀመጡም» አለ። እኔም እሺ አልኩ። ለእሷ ሲሆን ሕልሜንም አስደፍናለሁ።

አናጢው ጣልያኖች ዘንድ ሠርተው ያደጉ፣ ሰፈሩ ሁሉ አያ የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንጋጠው አዩና «ግንባር የለውም፤ ግንባር እንሥራለት» አሉ። ከሳጥኖቹ አናት እስከ ኮርኒሱ ያለውን በእንጨት ማልበስ ማለታቸው ነው። ግንባር የሚለው ቃል ደስ አለኝ፤ በእኛ አገር ዕድልም ግንባር ይባላልና።

መሰላል ላይ ወጥተው ኮርኒሱን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ሄዱ። ድምፁ ክፍት ሲሆን ያልፉታል፤ ሲወፍር ግን ሚስማር የሚይዝ እንጨት ከላዩ አለ ማለት ነውና በከሰል ምልክት ያደርጋሉ። በምልክቱ ላይ ሞራሌ የሚሉትን ወፍራም እንጨት መቱ፤ ከእሱም ወደ ሳጥኖቹ አናት አጫጭር ቋሚዎች አወረዱ። ኮርኒሱ እንደ አሮጌ በቅሎ ጀርባ መሐሉ የሰረጎደ ስለነበር አንዱ ቋሚ ካንዱ አይተካከልም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ እየለኩ ቆረጡት። በመጨረሻ ስስ ጣውላ አለበሱትና ስንጥቁን በጄሶ ደፈኑ። መላጊያው የላጠው የጽድ ፍቅፋቂ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ቤቱን አወደው። ባዶ እግሬን እዚያ ውስጥ ሰድጄ ብዙ ተቀመጥኩ።

ኖራ ሲቀባ ማድ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። ፀሐዩ የሚቆምበት አጥቶ እስከ ኮርኒሱ ይሄዳል። ማማሩን ግን አልክድም።

እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ጭኖ በሚወርድ ማኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ መጣች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች፤ ልቀበላት ብል እንቢ አለችኝ። ቤቱን ቀስ ብላ ዞረች። ፍራሹን ዳሰሰች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። «ሸጋ ነው፤ ቤታችሁስ ሸጋ ነው» አለች። ልቤ ዘለለ። ማድ ቤት ስትገባ ግን አንጋጣ ቆመች።

«ቆጡ የታለ?»

«እማ፣ የከተማ ቤት ቆጥ የለውም።»

«ይኸ ከላይ ያለውሳ? ምን አለበት?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«ምነው ባዶውን ዘጋችሁት?»

ባለቤቴ ስለ አይጡም ስለ ጥቀርሻውም በትሕትና አስረዳት። እሷም «ደግ አደረጋችሁ» አለችው። እራት ቀርቦ እስኪነሣ ግን ጥቅልሉን ከጭኗ አላወረደችም። አልጋ ሥር ላኑርልሽ ብላት መሬት አይነካም አለችኝ። ቁም ሳጥን ውስጥስ ብላት ከሰው ልብስ ጋር አይቀላቀልም አለች።

«ታዲያ ምን ቢሆን ነው?» አልኩ፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

«መግነዜ ነዋ» አለች፣ ጨው ነው እንደማለት።

በእኛ አገር ዕድሜው የገፋ ሰው የሚገነዝበትን ጨርቅ በቁሙ ያሰናዳል። ነውር የለበትም፤ የሚታማው ያላሰናዳው ነው። ንጹሕ ሆኖ፣ ማንም በማይረማመድበት ከፍታ፣ ባለቤቱ ሊሞት በሚፈልግበት ቤት ይቀመጣል። የአባቴና የእሷ አንድ ላይ ነበር የተሸመነው። የእሱ አብሮት ወርዷል።

«ላንድ አዳር እታቀፈዋለሁ፤ ምን ገዶኝ» አለች። «ጧት የሚመለስ ማኪና አይጠፋም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቤቱን ልየው ያለችው ይህንን ኖሯል። ለመግነዟ ቦታ ካለ ትኖራለች፤ ከሌለ እንግዳ ናትና ትሄዳለች። እኛ ደግሞ ልናከብራት ብለን ያንኑ ቦታ በሚስማር ጠርቅመን ጠበቅናት።

ገና ሲነጋ አያ ቤት ደረስኩ።

«አያ፣ ግንባሩን ብሱልኝ።»

«ጄሶው ሳይደርቅ? ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

ነገርኳቸው። መጋዛቸውን አነሡ። ባለቤቴ ኖራው ሲፈርስ እያየ ከንፈሩን ነከሰ፤ መሰላሉን ግን የያዘው እሱ ነው። ልክ መሐሉ ላይ ጣውላውን በአራት ማዕዘን ቆርጠው፣ የቆረጡትን መልሰው በማጠፊያ አንጠልጥለው ትንሽ መዝጊያ አደረጉት። እናቴ ለመንገድ እንደተሰናዳች በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ ላይ የእንጨት ብናኝ እየወረደባት፣ ሁሉንም አየች።

ሲያበቁ ጥቅልሉን ለእኔ ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ መሰላሉን ወጣሁ። ያን ያህል ይቀላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ አስቀመጥኩት። ከታች እናቴ ነጠላዋን አራግፋ በግድግዳው ላይ ስትሰቅል፣ «ወንፊትሽ የት ነው?» ስትል ሰማሁ። ልትኖር ነው። ደስ አለኝ፤ እውነት ደስ አለኝ። እንባዬ ግን ይወርዳል፣ አላቆም አለ። እናቴን ከቤቴ ያስቀረኋት የምትሞትበትን ቦታ ሰጥቻት ነው።

«ምነው ልጄ፣ አልበቃም?» አለች ከታች።

«ይበቃል፣ እማ» አልኳት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞርኩ።