እንደ ዓሣ ያካፈልኩት ኪኒን

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ የሃያ ዓመት ወጣት ነበርኩ። ዛሬም ኪኒን በእጄ ስይዝ ፊቴ በሃፍረት ይቀላል። ልናገረውና ይውጣልኝ።

የዝዋይ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በጾም ወራት ኮልፌ ዘመዴ ቤት እያረፍኩ የደረቀ ዓሣ እሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት የአራት ዓመቷ ልጄ ወባ ይዟት አገር ቤት ቀርታ ስለነበር ገበያተኛ ሲያናግረኝ እንኳ አልሰማም።

ጋሽ ከማል የሚባሉ፣ ሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥቡ ጎረቤት ጭንቀቴን አይተው ኪኒን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ጠዋትና ማታ አስውጫት፣ እስኪያልቅ" አሉኝ።

በካሚዮን ተሳፍሬ አገሬ ገባሁ። እኛ ዘንድ ከሐይቅ የወጣ ዓሣ ዳር ላይ ለቆመ ሁሉ ይካፈላል፤ ለብቻው የበላ ሰው ይታማል። ያን ሰሞን ደግሞ ወባ ያልገባበት ቤት የለም። እኔም "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብዬ ለየበሽተኛው አንዳንድ ኪኒን አደልኩ። ለልጄም አንድ ደረሳት። ሁሉም ሲመርቀኝ ደስታዬን አልቻልኩትም።

በሦስተኛው ቀን መንደሩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ልጄ ውሃ እንኳ አልውጥ አለች። አዝያት ወደ ኮልፌ ተመለስኩ።

"ኪኒኑስ?" አሉኝ ጋሽ ከማል።

"አካፈልኩት፣ ጋሼ።"

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

"ዓሣ ቢካፈሉት ያጠግባል፣ ልጄ። ኪኒን ግን ሲካፈሉት ማንንም አያድንም። ስንት ሰው ነው የታመመባችሁ?"

ልጄን እቤታቸው አስተኝተው ራሳቸው ኪኒን እያስዋጡ አስታመሟት። እኔን ደግሞ ማታ ማታ በከሰል እየጻፉ ፊደል አስቆጠሩኝ። ልጄ ከሳምንት በኋላ ተነስታ "ራበኝ" ስትል እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጋሽ ከማል ሐኪሙን ለምነው ለመንደሩ ሁሉ የሚበቃ ኪኒን አገኙ። በየጥቅሉ ላይ የበሽተኛውን ስም እሳቸው እያሳዩኝ በገዛ እጄ ጻፍኩ። መንደር ስደርስ አንዱ ሽማግሌ ጥቅላቸውን ፈተው ለጎረቤት ሊቆርሱ ሲሉ "እንዳያካፍሉ!" ብዬ ጮህኩ። በአገራችን እንዲህ ብሎ የጮኸ ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ወር ሳይሞላ ወንዶቹ ሁሉ ሐይቅ ላይ ነበሩ።

ልጄ ዛሬ የዓሣ አጥማጅ ልጆችን ፊደል ታስተምራለች። ጋሽ ከማልን ከነጻነት በኋላ ብፈልጋቸው አጣኋቸው። ልጄን ሰሌዳው ፊት ቆማ አንዴ ቢያዩልኝ ምንኛ በወደድኩ።