የተዋስኳቸው አያቶች

የሌላ ሰው ቃል መገልበጥ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የታሰርኩትም በእጅ ጽሕፈቴ ነው። የወንጪ ጢሰኞች ከመሬታችን አንነሣም ብለው ያቀረቡትን አቤቱታ፣ የማታ ትምህርት አስተማሪዬ እያነበበልኝ እኔ ጻፍኩት። ስሙን እንዳላነሣ ለምኖኝ ነበር፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች።

አምቦ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶቹ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ወለሉ እርጥብ ነው፤ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ተቀምጧል። ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻ አገኘሁ፤ የወንጪ ሰው ናቸው፣ ከማሳዬ አልነሣም ብለው በባለርስቱ ጥማድ ፊት የተኙ።

በማግስቱ ጠዋት መቶ አለቃው አስጠራኝ።

"ማነው ያጻፈሽ? ስሙን ንገሪኝና ዛሬውኑ ወደ ቤትሽ።"

ውስጥ እግሬን በጎማ አስገረፈኝ።

"ለመሆኑ የማን ልጅ ነኝ ብለሽ ነው?" አለና ሳቀ።

እናቴ ጠላ ሻጭ ናት፤ አባቴን አላውቀውም። እስከ ነገ አስቢበት ብሎ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

አሮጊቷ እግሬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

"ነገ እናገራለሁ፣ አዴ" አልኳቸው።

"ዱላው ነው የሚያስፈራሽ?"

"እሱም ነው። ግን የማን ልጅ ሲለኝ ባዶ ሆንኩ።"

"እንግዲያ በጉዲፈቻ ወስጄሻለሁ። ቅቤ ቢኖር አናትሽን እቀባሽ ነበር፤ አሁን ምራቄ ይበቃሻል።"

እንትፍ እንትፍ አሉብኝ። ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅሻል? ከዛሬ ጀምሮ ወገኔ ወገንሽ ነው። በቃልሽ ያዥ።"

አምስት አያቶች ቆጠሩልኝ፤ እያንዳንዱን ከነፈረሱ ስም። አንዱ በጦር ተወግቶ ከኮርቻው ያልወረደ፣ አንዱ በረሃብ ዓመት የሰው በግ ያልነካ። ስሳሳት እየተቆጡ ቀኑን ሙሉ አስጠኑኝ።

"እህ፣ ዛሬስ የማን ልጅ ነሽ?" አለ መቶ አለቃው በማግስቱ።

አምስቱንም ከነፈረሶቻቸው ቆጠርኩለት። ለወንድ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

"ፈረሶቹም አብረው ይገረፉ?" አለ። ፖሊሶቹ ሳቁ።

እየተገረፍኩ በልቤ መቁጠሬን ቀጠልኩ። ስንት ጊዜ እንደቆጠርኳቸው አላውቅም። ሁለት የእግር ጥፍሮቼ እስከ ዛሬ አልበቀሉም። የአስተማሪውን ስም ግን አልጠራሁም።

አሮጊቷን ከሳምንት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ እዚያው እስር ቤት ሞቱ። እኔ ስፈታ ወንጪ ድረስ ሄጄ አያቶቹን ለልጃቸው ቆጠርኩለት። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

"እነዚህን ሰምቼ አላውቅም" አለ። "እናቴ ራሷ በልጅነቷ ከባኮ በኩል በጉዲፈቻ የመጣች ናት። የተወለደችበትን አታውቅም። ለእኔም ትቆጥርልኝ ነበር፤ ግን ሌሎች ናቸው።"

ከአምስቱ አንዱም ኖሮ አያውቅ ይሆናል። ዛሬም ሰው ሲያመናጭቀኝና አንገቴን ልደፋ ስል እነሱኑ እቆጥራለሁ።

አሮጊቷን የወሰዷቸው ዕለት እጃቸው ታስሮ ስለነበር ሊያቅፉኝ አልቻሉም። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ስትቆጥሪ አትቸኩይ" አሉኝ። "ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚደርሱልሽ።"