ስለ ፍላጻው አባቴን ዋሸሁት

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ።

አባቴ በደህናው ዘመን የዴዴሳ በረሃ አዳኝ ነበር። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቤት ውሎ ፍላጻ ይሠራል። አንዴ የዶሮ ላባ፣ አንዴ የጅግራ፣ አንዴ የጥንብ አንሳ፣ በጅማት እያሰረ ይሞክራል። እኔ ጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ በድንጋይ አንኳኩቼ ዘወር እላለሁ፤ እሱ ድምፁ ወደመጣበት አነጣጥሮ ፍላጻውን ይለቀዋል።

«ኢንተላኮ፣ የት አረፈ?» ይለኛል... ልጄ ማለቱ ነው።

መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን እነግረው ነበር። «ሳተ» ባልኩት ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፣ ምሳውን ይተዋል። ምን ላድርግ? አንጀቴ አልችል አለ። አንድ ቀን «ግንዱ ላይ ተሰካ!» አልኩት።

«ዱጋ? እውነትሽን ነው?»

«ዱጋ፣ አባ!»

አሳሳቁን ብታዩት! በዚያው አሠራር ሌሎች ፍላጻዎች ሠራ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልሳተም... በኔ አፍ።

ለካስ አምኖኝ፣ የድሮ የአደን ጓደኛውን ግራዝማችን ፍላጻዎቹን እንዲሞክሩለት ከኡኬ አስጠርቶ ኖሯል። እሁድ በበቅሎ መጡ፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ግራዝማች አነጣጥረው ለቀቁት... ፍላጻው ተጠማዝዞ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም።

«ኦቦ ቶሌራ፣ ፍላጻህን ጠጅ አጠጥተኸዋል እንዴ?» አሉ ግራዝማች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

አባቴ አልሳቀም። አራተኛውን ተቀብሎ ላባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ ቀላቅዬ፣ ያጣምመው እንደሆነ ልየው ብዬ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይሆናል አልሽኝ። ያን ቀን ሳተ ብትዪኝ በማግስቱ ፈትቼ አስተካክለው ነበር።»

«አባ፣ ደስ እንዲልህ ብዬ እኮ...»

«እኔ ያየሽውን እንጂ፣ ደስ የሚለኝን መች ጠየቅሁሽ?»

ዛሬ ጠዋት ብቻውን ወጥቶ ወረወረ። ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ እየዳበሰ ሲፈልግ ሳየው አላስችል አለኝ።

«አባ፣ በግራህ ነው... ሁለት እርምጃ!» አልኩት።

ትንሽ ቆም አለ። ወደ ቀኝ ሄደ።

ዛሬ እኮ እውነቴን ነበር።