ጌሾ የበዛበት ጉደር

የወይን መጻሕፍት ስለ ምግብ ሲጽፉ አንድ ሕግ ይደጋግማሉ፤ ቀይ ወይን ለሥጋ፣ ነጭ ወይን ለዓሣ። ሕጉን ያወጣው ሰው አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ቁጭ ብሎ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ጥብስ በዳጣ እንዳልበላ እርግጠኛ ነኝ። ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት የሚፈጨው ዳጣ ነጭ ወይንን ውሃ ያደርገዋል። ዳጣን የሚችለው አዋቂ ነን ባዮች የሚንቁት ጣፋጩ ቀይ፣ አክሱሚት ነው።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ግን እኔም በሕጉ አምን ነበር። አርባ ምንጭ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ ያነበብኩትንም ሁሉ ማንም ሳይጠይቀኝ የማስረዳ ወጣት ነበርኩ። በቡና ቤቶቹ መደርደሪያ ላይ ቀይ ወይን ማለት ያኔ ሁለት ጠርሙስ ነው፤ ጣፋጩ አክሱሚትና ደረቁ ጉደር። አክሱሚትን ሰው ይጠጣው ነበር፣ ጉደር አቧራ ይጠጣ ነበር። እኔና ጥቂት መሰሎቼ ጉደር የምናዘው ስለሚጥመን አልነበረም፤ ፊታችንን ሳናኮሳትር መጨረስ መቻላችን እንዲታይልን ነው።

አንድ ዓመት ለመስቀል የምወዳት ልጅ ደጋው ላይ ጨንቻ ወላጆቿ ቤት ልትወስደኝ ወሰነች። እሷ ከተማው ውስጥ አስተማሪ ነበረች፣ አባቷ ሸማኔ ናቸው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ሊያዩኝ ፈልገዋል፤ ካልወደዱኝ ሽማግሌ በከንቱ እንዳላደክም አስቀድማ ነግራኛለች። “ደግሞ አባዬ ወሬ የሚያበዛ ሰው አይወዱም” አለችኝ። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

የበዓሉ ምግብ የበሬ ሥጋ ስለሆነ፣ እንደ መጽሐፉ ትእዛዝ አንድ ጉደር በጋዜጣ ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ከሙዝ እርሻዎቹ ሙቀት ተነስተን ቀርከሃው መሃል ስንደርስ ጉም ተቀበለን። ጠርሙሱ እቅፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

አባትየው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ብዙም ሳይናገሩ አስቀመጡኝ። ቁርጡ በእንሰት ቅጠል ላይ ቀረበ፣ ቆጮው ከጎኑ፣ ዳጣው በትንሽ ሸክላ። የቡሽ መክፈቻ አለመያዜ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እሳቸው ከሸማ መሥሪያቸው ላይ ክር የሚያመላልሰውን መወርወሪያ አንስተው ቡሹን በጫፉ ወደ ውስጥ ገፉት፤ ወይኑን በቅል ቀድተው ተጎነጩ።

ቅሉን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው አዩት። ከዚያ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ጠማቂዋ ጌሾ አብዝታበታለች። አንተ ምን ታደርግ” አሉኝ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ጠጅ ነው። የማይጣፍጥ የወይን መጠጥ ለእሳቸው ጌሾ የበዛበት ጠጅ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ማብራሪያው ምላሴ ላይ ደረሰ፤ ጌሾ የሚባል ነገር እንደሌለበት፣ ደረቅነቱ ሆን ተብሎ እንደሆነ፣ ቅባት ካለው ሥጋ ጋር ለምን እንደሚስማማ። አፌን ስከፍት ልጅቱ ቁርጥ በዳጣ አጥቅሳ አጎረሰችኝ። ጉርሻው ትልቅ ነበር። ጉርሻውን እያላመጥኩ እንባዬ ሲወርድ አባትየው ማር አስመጡ፣ ሁለት ማንኪያ ቅሉ ውስጥ ጨምረው አማሰሉና ሰጡኝ።

ጠጣሁ። ማሩ የዳጣውን እሳት አጠፋው፤ ከሥር ያለው ምረት ደግሞ የሥጋውን ቅባት ከአፌ አነሳው። በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም።

“እንዴት ነው?” አሉኝ።

“አሁን ተስተካከለ፣ አባባ።”

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም። እሳቸው ቆየት ብለው አዩኝ። ከዚያ ጠጋ አሉና ጉንጫቸውን ከጉንጬ አጋጥመው፣ ሁለታችን ከአንዱ ቅል እኩል ጠጣን። እዚያ ቤት እንዲህ የሚጠጣው ከራስ ሰው ጋር ብቻ ነው። ፂማቸው ይወጋኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ በኋላ ሲሄዱ ሥራቸው አልቆ ነበር የጠበቃቸው።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ጓደኞቼም ከሩቅ አገር የመጣ ወይን እያሸተቱ ብርጭቆ ያሽከረክራሉ። እኛ ቤት ለመስቀል የሚከፈተው አሁንም ጉደር ነው፣ ማሩም ከጎኑ ይቀመጣል። እንግዳው ማሩን በግርምት ሲያይ፣ ስለ ደረቅ ወይን ጥቂት ላስረዳው ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ባለቤቴ ያን ጊዜ እጇን ወደ ዳጣው ትሰዳለች።