ነጠላ የማያስፈልገው ውሃ

በጣሊያን ጊዜ፣ ከሉማሜ ወዲያ ባለው አገራችን፣ ውሃ የምንቀዳበት ወንዝ ነፍሳት የሞላበት ነበር። ድንጋይ ሲገለበጥ ሦስት ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረቶች ይሯሯጣሉ፤ አሸዋ እያጣበቀ ቤቱን የሚሠራ ትልም ነበረ። የከብት ጉሮሮ የሚይዘውን አልቅትማ ተዉት።

አብራን የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት በጾም ቀልድ አታውቅም። ትል መዋጥ ሥጋ መብላት ነው ባይ ስለነበረች፣ ሁዳዴ ሲገባ የምቀዳውን ውሃ ሁሉ በነጠላ ጫፍ ታጠልለው ነበር። የነፍስ አባታችን ሳይታወቅ አፍ የገባ ነገር ጾም አያፈርስም ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ጣሊያን አገር ከመያዙ ይልቅ ከነጠላዋ ያመለጠ ትል የሚያናድዳት ይመስለኛል።

አንድ በጋ ጣሊያኖች ከምንቀዳበት በላይ ወንዙ ዳር ሰፈሩ። በዚያ ሁዳዴ ነጠላው ምንም አልይዝ አለ። አልቅቱ እንኳ ጠፋ፤ ውሃው ኩልል አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ለከብቱ ደስ አለው። አክስቴም እግዜር ለጿሚ አዘነ ብላ ነጠላዋን አጥባ አጣጠፈችው። እናቴ ብቻ ወንዝ በወረደች ቁጥር ድንጋይ እየገለበጠች ታይ ነበር፤ ምን እንደምትፈልግ ግን አልነገረችንም።

አክስቴ እስከ ማታ ጾማ መጀመሪያ አፏ የሚገባው ያ ውሃ ነበር። ሆዷን ይቆርጣት ጀመር፤ ቀጥሎ ማስመለስ መጣ። እኛንም ያመን ነበር፣ እንደ እሷ ግን አልጸናብንም። እናቴ ውሃውን እንድትተወው ለመነቻት።

«በዚህ ውሃስ አትጠርጥሪ» አለቻት አክስቴ። «ነፍስ ያለው ነገር የለበትም።»

ፋሲካን ሳታይ ሞተች።

ኋላ በጣሊያኖቹ ሰፈር በቅሎ ያጥብ የነበረ ጎረቤታችን ነገሩን አወጣው። የመዥገር መድኃኒት የተበጠበጠበትን ገንዳ በየጊዜው ወደ ወንዙ ይደፉት ኖሯል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ለሚሻገር ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተናደድሁ፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲያ ከኮረብታው ማዶ ካለ ምንጭ እንቀዳ ጀመር። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እንስራው ወገብ ይቆርጣል። መጀመሪያ የሄድን ዕለት እናቴ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ገለበጠች። ባለጭራዎቹ ተሯሯጡ። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አሉ» አለችኝ። «ቅጂ።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ውሃውን ሳናጠልል ጠጣነው።