ዓርብ ቀን የዋጥኩት ማር

ጉሮሮን ለምስጋና የፈጠረ እግዚአብሔር ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ሳሌን ሰምታ ማር በማንኪያ ይዛልኝ መጣች። «ከቅዳሴ በኋላ» ብዬ መለስኳት። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ነው፤ ቀኑም ዓርብ። ማንኪያው ግን የሌላ ዓቢይ ጾም ዓርብ አስታወሰኝ።

ያን ጊዜ መርካቶ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ወጣት ዲያቆን ነበርኩ። ቅዳሴ ከሁለት ካህናትና ከሦስት ዲያቆናት ባነሰ አይቀደስም፤ የዕለቱ አምስተኛ ሰው እኔ ነበርኩ። ቀዳሽ ደግሞ እስኪፈጸም ድረስ ውኃ እንኳ አይቀምስም። የጧፍ ሰም ስላለቀብን፣ ቶሎ ገዝቼ ልመለስ ወደ አንዋር መስጊድ ሰፈር ወረድኩ። ሳምንት የከረመብኝ ሳል በበርበሬ በረንዳ ሳልፍ ብናኙ ገብቶበት ባሰ።

ማርና ሰም የሚሸጡት እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ነበሩ። ሰሙን እየመዘኑ፣ «ምነው ልጄ፣ ደረትህ ውስጥ ወናፍ አስገብተሃል እንዴ?» አሉኝ።

ስቄ ልወጣ ብዞር መንገድ የለም። የጁምዓ ሰጋጆች ምንጣፋቸውን እስከ ሱቁ ደፍ ዘርግተው ቆመዋል፤ የእትዬ ዘይነባ ባልም በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። በሚሰግድ ሰው ፊት ማቋረጥ ነውር መሆኑን መርካቶ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ ጸጥ ሲል የእኔ ሳል ብቻ ቀረ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ፤ እንባዬ ወረደ። በሳልኩ ቁጥር የባልየው ትከሻ ይነቃነቃል።

እትዬ ዘይነባ ማንኪያ ሙሉ ማር ይዘው ተጠጉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ማር እኮ ለጾማችሁ አይከለከልም፤ አውቃለሁ» አሉ በሹክሹክታ።

እውነታቸውን ነው፤ ለጿሚ አይከለከልም። ለቀዳሽ መከልከሉን ላስረዳ አፌን ብከፍት ግን ሳሉ ሊቀድመኝ ነው። ከደረቴ ሌላ ሳል ሲነሣ ተሰማኝ። ውጭ ግንባሮች ሁሉ መሬት ነክተዋል። ማንኪያውን ተቀብዬ ዋጥኩ።

ሳሉ ቆመ።

መንገዱ ሲከፈት ሰሙን ታቅፌ ሮጥኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ብናገር ደግሞ ቅዳሴው ይስተጓጎላል። አረጋዊው አለቃችን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አባ፣ ገድፌአለሁ።»

«በምን?»

«በማር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጣፈጠህ?»

«አላጣጣምኩትም አባ፣ ዋጥኩት እንጂ።»

«እንግዲያ ከምእመናኑ ጋር ቁም። ቅዳሴው ለምን ዘገየ ሲሉህም ንገራቸው።»

ሌላ ዲያቆን ከሩቅ ደብር እስኪመጣ አሥር ሰዓት ሆነ። ሕፃናት ሊያቆርቡ የመጡ እናቶች ግቢው መካከል መውጫ አሳጥተው ከበው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንዲቱ እስኪቆርብ ጡት የከለከለችውን ልጇን እያባበለች፣ «ታዲያ ሳሉስ ተሻለህ?» አለችኝ። «ተሽሎኛል» የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ለእትዬ ዘይነባ ስነግራቸው ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ! ይህን ባውቅማ እኔም አብሬህ እስል ነበር!»

አንዱን ጸሎት እንዳልረብሽ ብዬ ሌላውን አስተጓጎልኩ። ይኸው ሸምግዬም ከዚያ ሱቅ መውጫውን አላገኘሁትም፤ ዛሬም እዚያው ደፍ ላይ ብቆም ማንኪያውን እንደምቀበል፣ ተቀብዬም እንደምናዘዝ ብቻ አውቃለሁ። የልጅ ልጄ ማሩን ከድና አስቀምጣልኛለች።

አንባቢዬ ሆይ፣ አምላክ አንተንና ቤተ ሰብህን በጤና ይጠብቅ፤ በጨነቃችሁም ጊዜ ማንኪያ የሚዘረጋ ጎረቤት አያሳጣችሁ።