ባዶ የተውኩት ቦታ

ትናንት ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ከአንድ ጆንያ ማሽላ ጋር ተጣብቄ ተቀመጥኩ። የጆንያው ሽታ፣ ያ አቧራና ሙቀት የተቀላቀለበት ሽታ፣ ይዞኝ ወደ ስድስተኛ ክፍል ዘመኔ ተመለሰ።

ያን ዓመት የክፍላችን ሞኒተር ነበርኩ። እቤታችን አማርኛ አይነገርም፤ ፊደሌ ግን ያምር ስለነበር ቲቸር የቀሪዎችን መዝገብ ለእኔ ሰጠኝ። ደስታዬን ብታዩ!

መዝገቡ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጆች ከክፍል እየጠፉ ባሮ ወንዝ መውረድ ስላበዙ፣ ቀበሌው ልጁ በወር ከአምስት ቀን በላይ ያለ ምክንያት የቀረበት ቤተሰብ የዚያን ወር የእርዳታ እህል አያገኝም ብሎ ነበር።

የክፍል ጓደኛዬ ግን የቀረችው ወንዝ ወርዳ አልነበረም። እናቷ አቦቦ ለአረም ሄዳ ስትሰነብት፣ ትንሽ ወንድሟን የሚይዝ ጠፍቶ ነው። ጠዋት በራፋቸው ሳልፍ ሕፃኑን እንዳዘለች ትጠራኛለች።

«ለቲቸር ንገሪልኝ፣ እሺ?»

«እጽፍልሻለሁ፤ ሞኒተር ነኝ እኮ!»

«ኧረ ሞኒተሯ! ነገ ደግሞ ዳይሬክተር ነኝ በይን።» ሕፃኑም አብሯት ይስቃል።

ስሟ ፊት «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ «ምክንያት» የሚል ጠባብ ቦታ ነበር። «ሕፃን ይዛ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ተጨናንቆ ገጼን እንዳያበላሽብኝ ባዶ ተውኩት። ስድስት ቀን ሙሉ። ቲቸርም ገጹን አይቶ «እንዴት ያምራል!» አለኝ።

እህል የሚታደል ቀን ከእናቴ ጋር ተሰልፌ ነበር። ከፊታችን የጓደኛዬ እናት ቆማለች።

«እትዬ፣ ልጅሽ ስድስት ቀን ቀርታለች። ምክንያትም አልተጻፈም። የዚህ ወር እህል የለሽም» አላት የቀበሌው ኮሚቴ ሰው።

አማርኛው አልገባትም። ወደ እኔ ዞራ በቋንቋችን «ምን አለ?» አለችኝ።

«እህሉ አልቋል ነው የሚለው» አልኳት።

አመስግናኝ፣ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ ሄደች።

በሳምንቱ ልጆቿን ይዛ ኢታንግ ዘመድ ጋ ገባች። የጓደኛዬ ትምህርትም እዚያው ቀረ።

ባለፈው ወር ጓደኛዬን ገበያ መሃል አገኘኋት፤ ዓሣ ትሸጣለች። ስለ መዝገቡ ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?»

«አስረኛ።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝ። ከዚያ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረችና፣ «ይቺ እኮ ጓደኛዬ ናት! አስረኛ ደርሳለች!» አለቻት።

ከልቧ ነበር። ኮርታብኛለች። እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁ።